ዮጋ ለወገብና ወደ እግር ለሚወርድ የነርቭ ሕመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔም ዮጋ የጀመርኩት ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር) ይዞኝ ነው፤ አሁን ጀማሪዎችን አሠራለሁ፣ ከታች ያሉትም ምንጣፍ ከመዘርጋቱ በፊት የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

የወገብ ሕመምና «ነርቭ ነው» የሚባለው ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የወገብ ሕመም የሚባለው ከጎድን አጥንት በታች፣ ከመቀመጫ በላይ ያለው ቦታ ሲያም ነው። ጡንቻ ሊሆን ይችላል፣ መገጣጠሚያ ወይም ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ይሄ ነው ብሎ በጣት ማሳየት አይቻልም። «ወገቤን ቆረጠኝ»፣ «ቀና ማለት አቃተኝ» እንላለን፤ ሕመሙ ግን እዚያው ይቀራል፣ ቢበዛ መቀመጫ ድረስ ይሰማል።

ነርቭ ሲሆን ጠባዩ ይለያል። ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ሳያቲክ ነርቭ፣ ከታችኛው ወገብ በሚወጡ ሥሮች ተገምዶ በመቀመጫ፣ በጭን ጀርባና በባት በኩል እስከ እግር ጣት ይወርዳል። ከሥሮቹ አንዱ ሲጫን ወይም ሲቆጣ ሕመሙ ያንኑ መንገድ ይከተላል፦ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ይለበልባል፣ ይደነዝዛል። ብዙውን ጊዜ በአንድ እግር ነው፤ ሲያስሉና ሲያስነጥሱ ይብሳል። አንዲት ሴትዮ «ወገቤስ ደህና ነው፣ ባቴን ነው የሚያመኝ» ብለው መጥተው ነበር። ለወራት ባታቸውን በቅባት ሲያሹ ከርመዋል፤ ችግሩ ግን ከላይ፣ ከወገባቸው ነበር።

ዮጋ እውነት ይረዳል ወይስ ፋሽን ነው?

ከ3 ወር ላለፈ የወገብ ሕመም ይረዳል፣ ተአምር ግን አይሠራም። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ (የሐኪሞች ማኅበር ነው) በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ይሞከሩ ካላቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነው። በዚያው ዓመት ቦስተን ውስጥ በ320 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል፤ ለ12 ሳምንት ዮጋ የሠሩትና ፊዚዮቴራፒ የተከታተሉት ሰዎች ውጤት ተቀራራቢ ነበር። እኛን አስተማሪዎችን ትንሽ የሚያሳፍረው ደግሞ በ2011 የወጣው ነው፦ ዮጋ ከተራ ጡንቻ የማፍታታት ስፖርት ጋር ሲወዳደር ብልጫ አላሳየም። ስለዚህ ጥቅሙ በሳንስክሪት ስሙ የሚመጣ አይመስለኝም። ሰውነትን በዝግታ፣ በየጊዜው፣ ትንፋሽን እያዳመጡ ማንቀሳቀሱ ነው የሚሠራው።

ወደ እግር ለሚወርደው ሕመም ማስረጃው ስስ ነው። ዮጋ ነርቩ ላይ የተጫነውን ነገር አያነሳም። ነርቩ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ድረስ ሰውየው አልጋ ላይ እንዳይቀር፣ ጡንቻው እንዳይሟሽሽ፣ መንቀሳቀስን እንዳይፈራ ያግዛል። ይሄ ግን ቀላል ነገር አይደለም።

ሳልመረመር መጀመር እችላለሁ?

ተራ የወገብ ሕመም ከሆነ አዎ፣ ቀስ ብለው ይጀምሩ። ቀጥሎ ያሉት ካሉ ግን ምንጣፉን ይተዉት። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠዎት፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ (ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ በሚነካው ቦታ) ስሜት ከጠፋ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች ከከዱ፣ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ዘግይቶ የተሠራ ቀዶ ጥገና የጠፋውን ላይመልስ ይችላል። የእግርዎ ጫፍ አልነሳ ብሎ ነጠላ ጫማዎ እየወለቀ ከሆነ፣ ወይም ጣትዎ የምንጣፍ ጠርዝ እየያዘ የሚያደናቅፍዎ ከሆነም በቶሎ ይታዩ።

እኛ አገር አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም ከከብት ጋር የሚውል ሰው ደግሞ ብሩሴላ የሚባለውን ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ይጠርጥር። ሁለቱም በመድኃኒት ይድናሉ፣ በዮጋ ግን አይድኑም። ከወደቁ፣ ካንሰር ኖሮብዎት ከነበረ፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ከወሰዱም መጀመሪያ ሐኪም ይቅደም።

ምን ምን ያስፈልገኛል?

ምንጣፍ፣ ጋቢ፣ ትራስ፣ ወንበር፣ ባዶ ግድግዳ። አልጋ ላይ አይሥሩ፣ ፍራሽ ወገብን ያሰምጣል። ከበሉ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩ።

በትራስና በወንበር መደገፍ የሚያፍሩ አሉ። በ2014 በ95 ዓመታቸው ያረፉት ሕንዳዊው መምህር አይንጋር ስማቸው ከተነሳባቸው ነገሮች አንዱ ይሄው በጣውላ፣ በቀበቶ፣ በወንበርና በብርድ ልብስ እየደገፉ ማሠራታቸው ነው።

ከየትኞቹ እንቅስቃሴዎች ልጀምር?

ከማረፍ ይጀምሩ። በጀርባዎ ተኝተው ባቶችዎን ወንበር ላይ ያሳርፉ፤ ጉልበትዎ እንደ ማዕዘን ይታጠፍ። አንድ እጅ ሆድዎ ላይ አድርገው፣ አወጣጡ ከአገባቡ የረዘመ ትንፋሽ ለ5 ደቂቃ ይተንፍሱ። ሕመሙ ለባሰበት ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ይሄ ብቻ ቢሆን ቅር አይለኝም። ቀጥሎ እግርዎን ከወንበሩ አውርደው፣ ጉልበት እንደታጠፈ፣ መርገጫዎን ወለሉ ላይ ያድርጉ። በወገብዎና በወለሉ መካከል መዳፍ የሚያሾልክ ክፍተት ያገኛሉ። ትንፋሽ ሲያወጡ ክፍተቱን ይዝጉት፣ ሲያስገቡ ይልቀቁት። 10 ጊዜ ይበቃል። ቂጥዎን አያንሱ፣ ሆድ ነው የሚሠራው።

ከዚያ በእጅና በጉልበት ይቁሙና «ድመትና ላም» የሚባለውን ይሥሩ፦ ጀርባን እንደተቆጣ ድመት ማጉበጥ፣ ቀጥሎ ቀስ ብሎ ማስመጥ። እንቅስቃሴው ትንሽ ይሁን፤ ቪዲዮ ላይ እንደምታዩአት ልጅ ሆድዎ ወለል ሊነካ አይገባም። እዚያው እንዳሉ ቀኝ እጅና ግራ እግር ይዘርጉ፣ ይመልሱ፣ ይቀያይሩ። ወገብዎ ላይ ስኒ ቡና የተቀመጠ ይመስል፣ እንዳይደፋ።

ቀጣዩ በሆድ ተኝቶ በክርን መደገፍ ነው (ስፊንክስ ይሉታል)። ደረት ቀና ይላል፣ መቀመጫና ሆድ ይለቀቃሉ፣ 1 ደቂቃ ይቆያሉ። ዲስክ ላለበት ብዙ ሰው የሚስማማው ይሄ ነው፣ ለሁሉም ግን አይደለም፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ። መጨረሻ ላይ ድልድዩ፦ በጀርባ ተኝተው፣ ጉልበት አጥፈው፣ መቀመጫዎን ቀስ ብለው ያንሱ፣ 3 ትንፋሽ ቆይተው ቀስ ብለው ያውርዱ። ሁሉም ተደምሮ 20 ደቂቃ አይሞላም።

ስሠራ ያመኛል፤ ልቀጥል ወይስ ላቁም?

ይህን ገጽ ለአንድ ጥያቄ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይሄኛው ይሁን። ወገብዎን ሳይሆን እግርዎን ይጠይቁ። ሕመሙ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ እየተሰበሰበ ከመጣ፣ ወገብዎ ላይ ለጊዜው ቢጨምር እንኳ ጥሩ ምልክት ነው፤ ይቀጥሉ። ጭን ላይ የነበረው ወደ ባት፣ ባት ላይ የነበረው ወደ ጣት ከወረደ፣ ወይም ድንዛዜው ከሰፋ፣ ወገብዎ ቀለል ቢለው እንኳ ያቁሙ። ያ እንቅስቃሴ ዛሬ የእርስዎ አይደለም። የጡንቻ መሳሳብ ስሜት ጤናማ ነው፤ የሚነዝርና የሚለበልብ ስሜት ግን የጡንቻ አይደለም።

ነገሩን ዝነኛ ያደረገው በ1956 ኒውዚላንድ ውስጥ የሆነ አጋጣሚ ነው። ሮቢን ማኬንዚ የተባለ ፊዚዮቴራፒስት አንዱን ታካሚ «ግባና በሆድህ ተኛ» ይለዋል። አልጋው ግን ቀደም ሲል ለሌላ ሰው ተብሎ አንድ ጫፉ ቀና ተደርጎ ስለነበር፣ ሰውየው ወገቡ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ይተኛል። ማኬንዚ ተመልሶ ሲያየው ይደነግጣል። ሰውየው ግን እግሩን ለሳምንታት ያሰቃየው ሕመም ለቆት ነበር። ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቶች «ሕመሙ ወደ መሃል ተሰበሰበ» የሚሉት ይሄንኑ ነው።

ሌላ መለኪያ፦ በማግስቱ ጠዋት እንዴት ነዎት? ከሠሩ በኋላ የመጣ ሕመም እስከ ማግስት ካልለቀቀ በዝቶብዎታል፣ በግማሽ ይቀንሱ።

በሳምንት ስንት ቀን? በየትኛው ሰዓት?

በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ቅዳሜን ጠብቆ ከሚሠራ አንድ ሰዓት ተኩል ይበልጣል። ለውጥ ለማየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይስጡት።

ከአልጋ እንደወረዱ ግን ወዲያው አይጎንበሱ። ሌሊት ስንተኛ ዲስኮች ውኃ ይመጥጣሉ፣ ያብጣሉ፤ ጠዋት ቁመታችን ከማታው በአንድ ሁለት ሳንቲሜትር የሚረዝመው ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ሲጎነበሱ ዲስኩ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። ፊትዎን ይታጠቡ፣ ቁርስ ያቅርቡ፣ ትንሽ ይራመዱ፣ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ምንጣፉን ይዘርጉ።

የትኞቹን ልተው?

ቆሞ ጎንበስ ብሎ የእግር ጣት መንካትን፣ ተቀምጦ እግር ዘርግቶ ወደ ፊት መታጠፍን፣ ቁጭ ብሎ ወገብን በኃይል መጠምዘዝን፣ በጀርባ ተኝቶ ሁለት ቀጥ ያሉ እግሮችን አንድ ላይ ማንሳትን፣ እግርን ከራስ በላይ አሳልፎ ወለል ማስነካትን። ነርቩ በተቆጣበት ጊዜ እነዚህ ይቆዩ። አጥንታቸው የሳሳ ትልልቅ ሰዎችም ወደ ፊት በኃይል ከመታጠፍ ይጠበቁ፣ አከርካሪ ሊሰበር ይችላል።

እኔ በሁለተኛው ሳምንት ጣቴን ለመንካት ታግዬ ነበር። ነካሁትም። በማግስቱ ግን ካልሲዬን ያጠለቀልኝ ወንድሜ ነው።

ኤምአርአይ ላይ «ዲስክ ተንሸራቷል» ተባልኩ። አልቆልኛል?

አላለቀም። «ተንሸራተተ» የሚለው ቃል ራሱ ሰው ያስደነግጣል፤ ዲስክ እንደ ሳሙና ሸርተት የሚል ነገር አይደለም፣ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር የተያያዘ ነው። የሚሆነው ውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር የውጭውን ቀለበት ገፍቶ ወይም ቀድዶ መውጣቱ ነው። የወጣውን ሰውነት በጊዜ ብዛት መልሶ ሊውጠው ይችላል፤ የሚገርመው ትልቁ ከትንሹ ይልቅ የመሟሸሽ ዕድል አለው። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል።

ምስል ላይ የታየ ሁሉ ደግሞ ሕመሙን ያመጣው ነው ማለት አይደለም። በ2015 የታተመ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበ ግምገማ እንዳሳየው፣ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንት ደግሞ 96 በመቶው የዲስክ ማርጀት ምልክት ይታይባቸዋል። ስለዚህ ለሐኪምዎ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የሚያምዎን መስመር በጣትዎ እያሳዩ ይንገሩት።

እግሬ ገትሮ ይዞኛል፤ በቀበቶ ጎትቼ ባፍታታው አይሻልም?

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከጭን ጀርባ የሚሰማው መወጠር ሁልጊዜ ጡንቻ አይደለም፣ የተቆጣ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ነርቭ ደግሞ እንደ ጡንቻ ሲሳብ አይለምድም፣ ይበልጥ ይቆጣል። ለመለየት፦ በጀርባዎ ተኝተው እግርዎን ቀጥ አድርገው ያንሱ፣ መወጠሩ ሲጀምር ያቁሙና መርገጫዎን ወደ ራስዎ ያጥፉት። ሕመሙ ድንገት ወደ ባት ከወረደ ወይም ከነዘረ ነርቩ ነው፤ ቀበቶውን ያስቀምጡት።

በምትኩ ማንሸራተት ይሻላል። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ጉልበትዎን ቀስ ብለው ሲዘረጉ ቀና ብለው ጣሪያ ይመልከቱ፤ ጉልበትዎን ሲያጥፉ አገጭዎን ወደ ደረት ያውርዱ። በአንዱ ጫፍ ሲሳብ በሌላው ይላላል። 10 ጊዜ፣ ሳይቆዩ፣ ሳይገፉ።

ዳይክሎፌናክ ተወግቼ ብሠራስ?

ማስታገሻ መውሰድ ከዮጋ ጋር አይጋጭም፤ ግን እግርዎ የሚነግርዎትን ምልክት ያደበዝዛል። በወሰዱ ቀን አዲስ እንቅስቃሴ አይሞክሩ፣ የለመዱትን ብቻ ይሥሩ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ካለብዎ ደግሞ እንዲህ ያለውን መድኃኒት በራስዎ አይደጋግሙት።

ወጌሻ ጎን ለጎን ብሄድስ?

ጡንቻን በዘይት ማሸት ያዝናናል፣ አልቃወምም። ግን እግርዎ የሚደነዝዝ ወይም የሚደክም ከሆነ ወገብዎን ማንም አይርገጥ፣ አይጠምዝዝ። «ቦታው እመልሰዋለሁ» ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፦ በእጅ የሚመለስ ዲስክ የለም።

ቀኑን ሙሉ የምነዳ ሰው ነኝ። በቤት ሥራ የምውልስ?

እዚህ አዲስ አበባ ሚኒባስ ላይም ሆነ ዋሽንግተን ታክሲ ላይ፣ የወገብ ጠላት አንድ ነው፦ ሳይነሱ መዋል። ፎጣ ጠቅልለው ከወገብዎ ጀርባ ያድርጉ፣ ቦርሳ ከኋላ ኪስዎ ያውጡ። ተሳፋሪ ሲወርድ እርስዎም ይውረዱ፤ እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው 5 ጊዜ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዘንበል ይበሉ። ይሄ የቆመ ስፊንክስ ነው።

በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና የሚያፈሉ፣ ጎንበስ ብለው የሚያጥቡና የሚጠርጉ፣ በተለይ ዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ወገብ ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት እንደታጠፈ ይውላል። ማታ ደግሞ ዮጋ ብለው ወደ ፊት ቢታጠፉ ያንኑ መድገም ነው። ለእነሱ በሆድ መተኛትና ድልድዩ ይቀድማሉ። ጄሪካን ሲያነሱም ጉልበት ይታጠፍ፣ ጄሪካኑ ከሰውነት ይጠጋ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ይቻላል?

የእርግዝና ክትትል የሚያደርግልዎት ባለሙያ ካልከለከለ አዎ። ድመትና ላም በጣም ይስማማል። በሆድ የሚተኙት ይቀራሉ፣ ከአምስተኛው ወር ወዲህ በጀርባ ለረጅም ጊዜ አይተኙ፣ በጎን ይሁን። ሰውነት በዚህ ጊዜ ስለሚላላ እስከ ጥግ አይሳቡ።

ዮጋ ከሃይማኖቴ ጋር አይጋጭም? ስግደትስ?

ዮጋ ከሕንድ መንፈሳዊ ትውፊት የወጣ ነው፤ ያንን ደብቆ «ስፖርት ብቻ ነው» ማለት ልክ አይመስለኝም። እዚህ የጻፍኳቸው እንቅስቃሴዎች ግን ያለ ምንም ዜማና ጸሎት የሚሠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹን ፊዚዮቴራፒ ክፍል በሌላ ስም ያገኟቸዋል። ሕሊናዎ ካልተረጋጋ የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማምዎን ያማክሩ፣ ወይም ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ይሂዱ፤ የሚቀርብዎት ነገር የለም።

በዐቢይ ጾም በአንዴ ብዙ መስገድ ግን ነርቩ ለተቆጣ ሰው ይከብዳል፣ በፍጥነት የሚደጋገም መጎንበስ ነውና። ሕመምዎን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። በእስልምናም ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው።

ጎረቤቴን ስፊንክስ አዳናት፤ እኔን ግን ባሰብኝ። ለምን?

ምናልባት የሁለታችሁ ሕመም የተለያየ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ሲራመዱ እግርዎ ይከብድና ይዝላል፣ ቁጭ ሲሉ ወይም ምርኩዝ ላይ ጎንበስ ሲሉ ይለቅዎታል? ከዳገት ቁልቁለቱ ይብስብዎታል? ዕድሜዎም ከ60 ካለፈ የነርቭ መተላለፊያው ቱቦ ጠብቦ ሊሆን ይችላል። ወገብ ወደ ኋላ ሲቀለበስ ቱቦው ይበልጥ ይጠባል፣ ወደ ፊት ሲታጠፍ ይሰፋል። ስለዚህ ለዲስክ የተመከረው ሁሉ ለእርስዎ ይገለበጣል፦ ስፊንክስ ይቀራል፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብና ትራስ ደገፍ ብሎ እንደ ሕፃን መንበርከክ ይገባል። አንዱ አከርካሪ በሌላው ላይ ወደ ፊት የሄደበት ሰውም ወደ ኋላ መቀልበስ አይስማማውም። አንድ የቪዲዮ ትምህርት ለሁሉም ወገብ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሦስት ወር ሠራሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። አሁንስ?

መጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር፦ በሳምንት ስንት ቀን ሠሩ? ከአራት በታች ከሆነ ገና አልሞከሩትም። በትክክል ሠርተው ሕመሙ እንደነበረ ካለ ግን ዮጋው የእርስዎን ችግር አልነካውም፤ ፊዚዮቴራፒስት አጠገብዎ ሆኖ እንቅስቃሴዎን ይየው። ወደ እግር የሚወርደው ሕመም እንቅልፍና ሥራ ከነሳዎት ደግሞ የነርቭ ወይም የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ነርቩ አካባቢ የሚሰጥ መርፌ አለ፣ ቀዶ ጥገናም አለ። ቀዶ ጥገና የእግር ሕመሙን ቶሎ ያቀላል፤ ከዓመት በኋላ ግን የተሠሩትና ያልተሠሩት ብዙውን ጊዜ ይቀራረባሉ። ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህል መታገሥ ይችላሉ፣ ድካሙስ እየጨመረ ነው ወይ የሚለው ነው። እግሩ እየደከመ ከሆነ ትዕግሥት አይመከርም።

ቀዶ ጥገና ከተሠራልዎት የመጀመሪያው ልምምድ በእግር መሄድ ነው። ምንጣፉ ሐኪሙ ሲፈቅድ ይዘረጋል፤ ያኔም ከወንበሩና ከትንፋሹ ነው የሚጀመረው።